ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጭንቀት ሲቀሰቅስህ ምን ትደግማለህ?

እናቴ ናሙና ሰጥታ ውጤቱ እስኪደርስ 11 ቀን ጠበቅን። በነዚያ ቀናት ስለ ራሴ የማላውቀው ነገር ተገለጠልኝ። ስጨነቅ መጸለይ አልችልም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። ሰው ሲታመም «አይዞህ፣ ጸልይ» ብዬ የምመክረው እኔው ነኝ። ታዲያ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ሰው እንደጠራኝ ብንን እላለሁ፣ ተነሥቼ «ጌታ ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ሳልደርስ ሐሳቤ ሐኪሙ ፊት ሄዶ ቁጭ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀብር ላይ ነኝ። ድንኳኑ በር ላይ ይተከል ወይስ ጓሮ፣ እሱን ሁሉ አስቤዋለሁ። ወደ ጸሎቱ ልመለስ ስል ሌላ ጭንቀት ይደረብበታል፤ «ክርስቲያን ነኝ ባይ፣ እምነትህ ይኼው ነው?» የሚል።

ያኔና ከዚያ ወዲህ የጠቀመኝን ነው የምጽፍልህ። ሰባኪ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። የተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዚያው ቤት ናቸው። ወንጌላዊ ወይም ካቶሊክ ብትሆንም አብዛኛው ይሠራልሃል፣ ዳዊቱ የሁላችንም ነውና። ደግሞ «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለእጄ ስለቀለለኝ ነው፤ አንቺም አለሽበት።

መጀመሪያ ጥፋተኝነቱን ከጫንቃህ አውርድ

«ከተጨነቅክ እምነትህ ጎድሏል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ግን አትስማው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ። ሉቃስ ደግሞ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ወደ ምድር ይወርድ እንደነበር ጽፏል። ጭንቀት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ በወንጌል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀስብን የጳውሎስ ቃል ነው፤ «በአንዳች አትጨነቁ»። ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ነው፣ ምዕራፍ 4። ይህን ጥቅስ ለብቻው ቆርጠህ ካነበብከው የፖሊስ ትእዛዝ ይመስላል። እስቲ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ተመለስ። ሲጽፍ እስር ላይ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ ወዳጁ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይነግራቸውና እግዚአብሔር እንደማረው ይጽፋል፤ ለእኔም ጭምር ነው የማረው ይላል፣ «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ»። አየህ? «አትጨነቁ» የሚለው ሰው የታመመ ወዳጁን እያሰበ ሆዱ ሲባባ የሰነበተ ሰው ነው። ጥቅሱም «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ ብቻ አይተውህም። ልመናህን በጸሎትና በምልጃ፣ ከምስጋና ጋር አስታውቅ ይልሃል። ጭንቀቱን የምታደርስበት ቦታ እየጠቆመህ ነው።

የራስህ ቃል ሲያልቅብህ ተበደር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ያተረፈኝ ይኼ ነው።

አያቴ በየማለዳው ዳዊት ትደግም ነበር። በግእዝ ነው፣ እያንዳንዱን ቃል ትተረጉመው ነበር ማለት አልችልም። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር፤ ያልገባትን ነገር ለምን ትላለች? በነዚያ 11 ቀናት ነው የገባኝ። ቋንቋችን ራሱ ነግሮን ነበር እኮ። ዳዊት «ይደገማል» ነው የምንለው። አዲስ ነገር ፍጠር፣ ልብህን በሚያምር ቃል ግለጥ ያለህ የለም። የተባለውን ደግመህ በል፣ በቃ። የተጨነቀ አእምሮ ቃል የሚያዋጣበት አቅም የለውም። የቀረችውን ጉልበት አስፈሪ ታሪክ ሲፈጥርባት ነው የሚያድረው። ስለዚህ ቃሉን ከሌላ ሰው ውሰድ፣ ያንተ ድርሻ ድምፅ ማውጣት ብቻ ይሁን።

እንዴት? መጀመሪያ ከአልጋ ውረድ። ተኝተህ አትጸልይ፣ ተኝቶ የሚጸለይ ጸሎት እንዲህ ባለው ሰዓት በቀላሉ ወደ ሐሳብ ይቀየራል። መብራት አብራ። መጽሐፉን ያዝ፣ ስልክህን ሳይሆን መጽሐፉን፤ ስልኩ ላይ ዳዊት ልከፍት ብለህ ቴሌግራም ውስጥ ስትዋኝ ይነጋብሃል። ጣትህን መስመሩ ላይ አድርግና ጮክ ብለህ አንብብ። ሰው የሚቀሰቀስ ከሆነ በሹክሹክታ፣ ግን ከንፈርህ ይንቀሳቀስ። ቀስ በል። ሐሳብህ ሲሸሽ ጣትህ ያለበት ቦታ ተመለስ። መቶ ጊዜ ቢሸሽ መቶ ጊዜ ተመለስ፣ አትቆጣው።

ስንት ምዕራፍ? በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዳዊት ለሳምንት የተከፋፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል። አሥር አሥሩ መዝሙር ደግሞ አንድ ንጉሥ ይባላል። ደህና በሆንክበት ጊዜ ይህን መከተል መልካም ነው። በጭንቀት ሌሊት ግን 30 መዝሙር ልጨርስ ብለህ አትነሣ፤ ሳይሞላልህ ሲቀር እሱም ሌላ ዕዳ ይሆንብሃል። አንድ መዝሙር ይበቃል። አንዱን ሦስት ጊዜ መድገም ሦስቱን አንድ አንድ ጊዜ ከመሮጥ ይሻላል፣ ቢያንስ ለእኔ።

የትኛውን? ይህ እንደ ጭንቀቱ ዓይነት ነው። ፍርሃት ከሆነ፣ ማለትም ጨለማው ራሱ የሚከብድህ ከሆነ፣ 90ን ያዝ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል» ብሎ ይጀምርና «ከሌሊት ግርማ» የሚለው ጋ ይደርሳል። የሌሊት ግርማ! ለዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ስም ሰምቼ አላውቅም።

እግዚአብሔር የረሳህ ከመሰለህ 12ን። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። በጣም አጭር ናት፣ በቃልህ ልትይዛት ትችላለህ። እንዲህ ብሎ መናገር ድፍረት የሚመስለው ሰው ካለ ልብ ይበል፣ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ጸሎት ነው። ማማረር ተፈቅዷል፤ ብቻ ወደ እሱ ዞረህ አማርር።

የምን እንደሆነ ሳታውቅ የሚከፋህ ከሆነ 41ን። እዚያ ዳዊት የገዛ ነፍሱን ያናግራታል፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» በአማርኛ ስታነበው ነፍስ ሴት ናት፣ «አንቺ» ነው የሚላት፣ ልክ የምታለቅስ ታናሽ እኅቱን እንደሚያባብል። እኔ አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ራሱ በሆዴ እላታለሁ፤ አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?

ምንም መጽናናት መስማት የማትፈልግበት ቀንም አለ። «ሁሉም ለበጎ ነው» ሲሉህ መጮኽ የሚያሰኝህ ቀን። ለሱ 87 አለልህ። ከሌሎቹ ይለያል፣ ወደ ምስጋና አይዞርም፤ ወዳጅና ዘመድ እንደራቀው እየተናገረ ያበቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ መግባቱ ብቻ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለመኝታ ደግሞ 4ን፤ «በሰላም እተኛለሁ፥ አንቀላፋለሁም» ይላል።

ቁጥሩ ካልተገናኘልህ አትደንግጥ። እኔ የምጽፈው በዳዊታችን ቁጥር ነው። በሌሎች ብዙ ዕትሞች ከ10 በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ይበልጣሉ፤ የእኛ 90 እዚያ 91 ነው፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው 22 ደግሞ 23።

ማንበብ እንኳ ሲያቅትህ

የሚያቅትበት ሌሊት አለ። ልብህ ይደልቃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ይጨፍርብሃል። ያኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያዝ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ። መቁጠሪያ ከሌለህ በጣትህ ቁጠር።

የእኔ ዘዴ እንዲህ ነው። «እግዚኦ» ስል አየር አስገባለሁ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስል በጣም ቀስ አድርጌ አስወጣለሁ። መውጫው ከመግቢያው ይርዘም። ይህ ክፍል የአባቶች ሥርዓት ነው እያልኩህ አይደለም፣ የራሴ ነው፤ ግን አተነፋፈስ ሲረጋ ልብ አብሮ እንደሚረጋ ማንም ነርስ ይነግርሃል። መቁጠሩም ይጠቅማል። 27 ላይ ነኝ ወይስ 28 እያለ የሚጨነቅ አእምሮ ቢያንስ ስለ ቀብር አያስብም።

ማዕበሉ ላይ የነበሩት ደቀ መዛሙርትም እኮ የተዘጋጀ ጸሎት አልነበራቸውም። ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል፣ እነሱ ይቀሰቅሱታል፤ «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ወቀሳ ነው። በዚያ ወቀሳ ተነሣላቸው።

የሕዝቅያስ ወረቀት

ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ለንጉሥ ሕዝቅያስ የዛቻ ደብዳቤ ላከ። ሕዝቅያስ አነበበው፣ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። 2ኛ ነገሥት 19 ላይ ታገኘዋለህ። ወረቀቱን አነጠፈና ጸለየ። እየው፣ የሚሉኝ ይኼን ነው እንደማለት።

አንተም የሚያስጨንቅህን ጻፈው። በደፈናው «ኑሮ» ብለህ አትጻፍ። «ኪራይ ጨምሯል፣ በወሩ መጨረሻ 4000 ብር ይጎድለኛል» በል። «ራስ ምታቱ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አልታየሁም» በል። ከዚያ ዛሬ ወይም ነገ ጠዋት እጅህ ላይ ያለውን ነገር አስምርበት፤ መደወል፣ ቀጠሮ መያዝ፣ አከራዩን ማናገር። የቀረውን ሥዕለ አድኅኖው ሥር ወይም ዳዊትህ ውስጥ አስቀምጠው። ጴጥሮስ «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ያለውን በእጅ መሥራት ነው። ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስ «ተጽፏል፣ እዚያ ነው ያለው» ትለዋለህ። አይሰማህም፣ ደግመህ ትነግረዋለህ።

ሆድህና እንቅልፍህ

ኤልያስን አስታውስ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገባና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። መልአኩ ስብከት አልጀመረበትም። ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የተጀመረው።

ስለዚህ ቀላሉን አትናቅ። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንስ። አውቃለሁ፣ አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን ትቶ መነሣት ነውር ነው፣ ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ሦስቱንም ጠጥተህ ሌሊት ልብህ ሲመታ ሁሉንም በሰይጣን አታሳብ። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አድርገው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ሞት የሚያወራ ዜና ከመኝታ በፊት አያስፈልግህም፣ ጠዋትም ይጠብቅሃል። ጧፍ የምታበራ ከሆነ ሳትተኛ አጥፋው።

ጉልበትህ ደህና ከሆነ ስገድ። የተጨነቀ ሰውነት ለመሮጥ የተዘጋጀ ሰውነት ነው፣ አሥራ ሁለት ስግደት ያንን ጉልበት መውጫ ያገኝለታል። በሰንበትና በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም፣ ያን ጊዜ ቆመህ ጸልይ።

ለብቻህ አትያዘው

ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ነው የሄደው። «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። ተኙበት። አንተም ከምትነግራቸው አንዳንዶቹ ይተኙብሃል፣ «ኧረ አታካብድ» ብለው ወሬ ይቀይሩብሃል። ሁለተኛ ሰው ፈልግ።

የንስሐ አባት ካለህ ሂድ። ኃጢአት ብቻ አይደለም የሚነገረው፣ «አባ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ እፈራለሁ» ማለት ይቻላል። ግራ ከገባህ ይህችኑ ዐረፍተ ነገር ብቻ በል፣ የቀረውን እሳቸው ይጠይቁሃል። የጽዋ ማኅበር ካለህ ለአንድ ሰው ንገርና በጸሎት ያስቡህ፤ ዝርዝሩን ለሁሉም ማስረዳት የለብህም፣ የክርስትና ስምህ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ በማትችይበት የምትሠሪ እኅቴ፣ ቤሩትም ሁኚ ሪያድ፣ ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ሰዓት ተቀጣጠሩ። ሁለታችሁም በየክፍላችሁ ያንኑ አንዱን መዝሙር በዚያው ሰዓት ድገሙ። ስትጨርሱ «አደረስኩ» ብቻ ተጻጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። ተጨንቀህ ስትሄድ የበለጠ አስፈርቶ ከሚመልስህ ሰው ራቅ። «መተት ተደርጎብሃል፣ ያደረገችብህም ጎረቤትህ ናት» ብሎ፣ ቀጥሎ የገንዘብ መጠን የሚነግርህን። ቆብ ቢደፋም ማይክ ቢይዝም ያው ነው። እኔም በዚያ ሰሞን አንዱ ጋ ሄጄ ነበር። ይባስ ብሎኝ ተመለስኩ፣ ሁለት ቀን ጎረቤታችንን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ምስኪኗ ሴትዮ ለእናቴ ሾርባ ስታመላልስ ነበር።

ሐኪምም ከእግዚአብሔር ነው

ጭንቀት ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋብህ፣ ሥራ መሄድ ካቃተህ፣ ድንገት ልሞት ነው የሚያሰኝ ድንጋጤ እየደጋገመ ከመጣብህ ሐኪም ጋ ሂድ። ራስህን ለመጉዳት የሚያስብ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ፣ ይህችን ሰዓት፣ ለቅርብ ሰው ንገርና አብራችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ስሙ ሲጠራ የምናፍረው ነገር መቅረት አለበት፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድ ሰው አያፍርም።

ይህ ከእምነት መውጣት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሰው እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብቶ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ያቋርጥ በነበረበት ጊዜ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ለጭንቀት መድኃኒትም ያው ይሠራል። ተጠመቅ፣ ኪኒንህንም ዋጥ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ በራስህ ፈቃድ አታቋርጥ።

እኔም ከዚያ በኋላ ወደ አንድ የአእምሮ ሐኪም ሄጃለሁ። የእናቴ ውጤት ቀላል አልነበረም፣ ግን የሚታከም ሆነና ሕክምናዋን ጀመረች። የእሷ ሲጀመር የእኔ ጭንቀት ያልቃል ብዬ ነበር፣ አላለቀም። ሐኪሙም እንደዚህ ዓይነቱ ነገር የተለመደ እንደሆነ ነው የነገረኝ።

ውጤቱ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በአሥረኛው ሌሊት፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ 90ን እደግማለሁ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት፣ ግን ሳላውቀው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። እናቴ ነጠላዋን ደርባ መጣች። ምንም አላለችኝም፣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከሌሊት ግርማ» ስል መጽሐፉን ሳታይ ተቀበለችኝ፤ «በቀን ከሚበርር ፍላጻ»። እስከ መጨረሻው አብረን አደረስነው። ከዚያ ተነሥታ መብራቱን አጠፋችውና «በል ተኛ፣ ነገ ሥራ አለህ» አለችኝ።